ሰዓት የሌለው አደራ፦ ሞግዚቶች ሥራቸውን እንዴት ይረዱታል?

«ሞግዚት» የሚለው ቃል ፍርድ ቤት ሌላ፣ ሰፈር ሌላ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አሳዳሪ የልጁን አካል፣ ጤናና አስተዳደግ እንዲጠብቅ፣ ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን እንዲያስተዳድርና በስሙ እንዲፈርም ያዛል። በሕጉ ቋንቋ ሞግዚትነት ሥልጣን ነው። ሰፈር ውስጥ ሞግዚት የምንላት ሴት ግን ልጁን አብልታ፣ አጥባ፣ አዝላ የምታስተኛው ናት። ልጁ ቢያተኩሰው ጤና ጣቢያ ለመውሰድ እንኳ መጀመሪያ ደውላ ማስፈቀድ አለባት፤ ለመደወያ የሚሆን የሞባይል ካርድ ካላት ማለት ነው።

ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ እሷ ላይ፣ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ ሌላ ሰው ጋ መሆኑ የዚህ ሥራ ዋነኛ ጠባይ ነው። ሞግዚቶች ለሥራቸው የሚሰጡት ትርጉም የሚበቅለውም ከዚሁ ክፍተት ነው። ውል በሌለበት፣ የሥራ ሰዓት ባልተቆረጠበት፣ ሙያው ስም ባልወጣለት ቦታ ላይ «አደራ» የሚባለው ትልቅ ቃል ገብቶ ሁሉንም ይሸፍናል። አደራነቱ እውነት ነው። ችግሩ ደመወዙንም፣ ሰዓቱንም፣ ዕረፍቱንም አብሮ መሸፈኑ ነው።

ሥራው ከየት መጣ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሞላው እናት ወደ ሥራ ትመለሳለች። የጤና ምክሩ ደግሞ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም አትስጡ ይላል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ያሉትን ዘጠና ያህል ቀናት አንድ ሰው መሙላት አለበት።

ድሮ አያት ነበረች፣ ያላገባች አክስት ነበረች፣ ወይም «ልጅ ያዥ» ተብላ ከገጠር የምትመጣ የዘመድ ልጅ ነበረች፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሷም ልጅ። በአዲስ አበባ ይህ አሠራር የላላበት አንዱ ምክንያት መኖሪያው ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ወጣት ባለትዳሮች ከእናታቸው ሰፈር ርቀው አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ገብተዋል። አያቷ በአንድ ታክሲ የማትደርስበት ቦታ ላይ ልጅ ተወልዷል።

ርቀቱ ሌላም ነገር ይወስናል። እናት በቀን 8 ሰዓት ትሠራለች እንበል፤ 1 ሰዓት ምሳ፣ በመሄጃና በመመለሻ 3 ሰዓት ትራንስፖርት ይጨመርበት። ከቤት የምትርቀው 12 ሰዓት ነው። የሞግዚቷ ሥራ እናት ከመውጣቷ በፊት ይጀምራል፣ ከገባች በኋላም ወዲያው አያልቅም። የከተማው የትራንስፖርት ችግር የሚወራረደው በሞግዚቷ ቀን ርዝመት ነው።

እጅ የሚሠራው፣ ዓይን የማያየው

ይህን ሥራ «ልጅ መያዝ» ብሎ ማለፍ ለምዶብናል፤ በልምድ የሚመጣ፣ ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር ይመስላል። አንዱን ክፍል ብቻ እንየው፤ የታለበ የእናት ጡት ወተት። በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የሚሞቀው ሙቅ ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ጡጦውን በማስቀመጥ እንጂ እሳት ላይ በመጣድ አይደለም፤ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ለብ ማለቱን ማየት ያስፈልጋል። ሕፃኑ ጠጥቶ የተወው ትርፍ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። አሁን መብራት ይጥፋ። ማቀዝቀዣው መቼ እንደቆመ፣ ወተቱ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ልጁ እያለቀሰ ሳለ ይሰጠው ወይስ ይደፋ የሚለውን የምትወስነው ቤት ያለችው ሴት ናት። እናት ያንን ወተት ለማለብ ስንት እንደታገለች ስለምታውቅ መድፋቱ ያስፈራታል። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ዕውቀት ቢኖራትም እንኳ፣ የመድፋት ፈቃድ አስቀድሞ ካልተሰጣት ትሰጠዋለች።

ተቅማጥም እንዲሁ ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካው ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። በየቤቱ የሚፈጸመው ስህተት «ትንሽ ትንሽ ይሻላል» ተብሎ ከረጢቱን ከፍሎ በብርጭቆ በግምት መበጥበጥ ነው። ጨውና ስኳሩ ሲበዛ ልጁን ይጎዳዋል፤ ሲያንስ አይጠቅመውም። የአንድ ሊትር ምልክት ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ መኖሩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በብዙ ቤት ግን የለም። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ስቶ ከደከመ መጠበቅ የለም፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ነው። ለዚህ የታክሲ ገንዘብና የክትባት ካርዱ ያለበት ቦታ መታወቅ አለበት።

ቆሎና ለውዝ ትንሽ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ መገኘት የለባቸውም፤ ወደ አየር ቧንቧ ገብተው ያንቃሉ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሞት የሚያበቃ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለጥየቃ የመጣች ዘመድ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ብትል መሐል ላይ የምትቆመው ሞግዚቷ ናት፤ ትልቅ ሰውን እምቢ ማለት አለባት፣ ቤቱ ግን የእሷ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ እንጀራው፣ ልብሱ፣ ወለሉ ይጨመራል። «ሥራሽ ልጁ ብቻ ነው» ተብላ የገባች ሴት ሁለትና ሦስት ወር ሳይሞላት ምጣድ ፊት ትገኛለች። ምጣድ ላይ ያለች ሴት የሚድህ ልጅ መያዝ አትችልም። ይሁን እንጂ ማታ የሚታየው የተወለወለው ወለልና የደረሰው ወጥ ነው። ያልወደቀ ልጅ፣ ያልተቃጠለ እጅ፣ ሳያለቅስ ያለፈ ከሰዓት በኋላ ምልክት አይተዉም። የሚመዘነው የሚታየው ሥራ ከሆነ፣ ሠራተኛዋም ለሚታየው ታደላለች። ልጁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የሚውልበት ዋናው ምክንያት ይህ እንጂ ስንፍና አይደለም።

አደራ፣ እንጀራ፣ መሸጋገሪያ

ከሌላው የቤት ሥራ ጋር ሲነጻጸር ሞግዚትነት በሠራተኞቹ ዘንድ የተሻለ ክብር አለው። «ገረድ» የሚለው ስድብ ሆኗል፤ «ሠራተኛ» ምንም ሳይጨምር ያልፋል፤ «ሞግዚት» ግን የተሰጣትን እምነት ይናገራል። ሰው ቤት መግባት ውርደት ነው ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ ያላት ልጅ እንኳ «ልጅ ነው የማሳድገው» ስትል አንገቷን ቀና ማድረግ ትችላለች።

አደራ በባህላችን ከባድ ቃል ነው። ምስክሩ ሰው አይደለም፤ እግዚአብሔር ወይም አላህ ነው። «አደራ በላ» መባል ከሌብነት ይብሳል። ማንም በማያያት ቤት ውስጥ ለልጁ ትኩሱን ምግብ አብርዳ፣ እሷ የቀዘቀዘውን የምትበላ ሴት ያንን የምታደርገው ደመወዟ ስለሚያስገድዳት አይደለም። የማንም ካሜራ ይህን ማስገደድ አይችልም። ነገ እኔም እወልዳለሁ፣ በልጅ ላይ የሠሩት ይዞራል የሚለው እምነት የሥራ ሥነ ምግባሯ ነው።

ነገር ግን የጎረቤትን ቁልፍ ያስቀመጠ ሰው ክፍያ አይጠይቅም። አደራ በጠባዩ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ከተጠየቀበት የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህም ደመወዝ ይጨመርልኝ የሚለው ጥያቄ ከአፏ ሲወጣ እሷም ራሷ ታፍራለች፣ ቀጣሪዋም «ለልጁ ብላ መስሎን ነበር» ትላለች። እዚህ ላይ ቃሉ ከትርጉሙ ወጥቶ መሣሪያ ይሆናል። ኢኮኖሚስቷ ናንሲ ፎልበር ተንከባካቢ ሠራተኞችን «የፍቅር እስረኞች» ብላ የገለጸችው ይህንኑ ነው፤ ከምትንከባከበው ሰው ጋር የተሳሰረች ሠራተኛ እለቃለሁ ብላ መደራደር አትችልም፣ ብትለቅ የሚጎዳው የምትወደው ልጅ ነውና። ጎበዝ ሞግዚት በሆነች መጠን የመደራደር አቅሟ ያንሳል ማለት ነው። ከሌላ ሙያ በተቃራኒ።

ሁለተኛው ትርጉም እንጀራ ነው፤ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዕቁቡ፣ ለወላጅ የሚላከው፣ ለታናሽ ወንድም ደብተር መግዣ የሚሆነው።

ሦስተኛው መሸጋገሪያ ነው። የማታ ትምህርት መጨረስ፣ ለትንሽ ንግድ መነሻ ማጠራቀም፣ ወደ አረብ ሀገር ለመሄድ ልምድ መያዝ። ቀጣሪዎች ይህን እንደ ክህደት ያዩታል፤ «ልቧ እዚህ አይደለም» ይባላል። በእኛ ግምገማ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የማታ ትምህርት የጀመረች ሠራተኛ ዓመቱ እስኪያልቅ ከዚያ ሰፈር የማትወጣበት ምክንያት አላት። ያለ ዕቅድ የገባችው ግን 500 ብር ጨምሮ የጠራት ጋ ለመሄድ የሚያግዳት የለም። ደላላውም በዝውውሩ ይጠቀማል፤ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የሚቆርጠው በቅጥር ቁጥር እንጂ በቆይታ አይደለም።

የአረብ ሀገሩ መንገድ የራሱ መራራ ጎን አለው። የራሷን ልጅ ለአያት ትታ የሰው ልጅ የምታሳድግ ኢትዮጵያዊት ለልጇ የላከችው ገንዘብ የፍቅሯ መግለጫ ይሆናል፤ እቅፏን የሚያገኘው ግን የቀጣሪዋ ልጅ ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሯ አርሊ ሆክሺልድ ይህን የእንክብካቤ ሰንሰለት ብላዋለች። ሰንሰለቱ አዲስ አበባ ውስጥም አለ፤ ከገጠር መጥታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትሠራ እናት ልጇን ለእናቷ ትታ ሊሆን ይችላል፣ ቀጣሪዎቿም ላያውቁ ይችላሉ። ልጅ አለኝ ካለች እንደማትቀጠር ስለምታውቅ አትናገርም።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዟ 6,000 ብር የሆነ አዳሪ ሞግዚት እንውሰድ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 15 ሰዓት ነው። ለምግብና ለዕረፍት 2 ሰዓት እንቀንስ፤ 13 ቀረ። በወር 26 ቀን ብትሠራ 338 ሰዓት ነው። 6,000 ለ338 ሲካፈል በሰዓት 17 ብር ከ75 ሳንቲም ገደማ ይመጣል።

አሁን አዋጅ 1156 ለሌላው ሠራተኛ የሚሰጠውን መለኪያ እንጠቀም። መደበኛው በሳምንት 48 ሰዓት፣ በወር 208 ያህል ነው። ያው 6,000 ብር ለ208 ሰዓት ቢሆን በሰዓት 28 ብር ከ85 ሳንቲም ያህል ነው። የቀሩት 130 ሰዓቶች የቀን ትርፍ ሰዓት ስለሆኑ በአንድ ተኩል ተባዝተው 5,625 ብር ይሆናሉ። ድምሩ 11,625 ነው። ይህ ሌሊት ሕፃኑ ሲነቃ የምትነሳበትን አይጨምርም፤ በአዋጁ የሌሊት ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፣ የሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5።

«ምግብና መኝታስ?» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ይመጣል፤ ተገቢም ነው፣ ዋጋ አላቸው። ግን መኝታው የት ነው? ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ ከሆነ መኝታ ብቻ አይደለም፤ የሌሊት ተረኛነት ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረው ስምምነት ቁጥር 189፣ ሠራተኛዋ ጊዜዋን እንደፈለገች ማዘዝ የማትችልበት፣ ልትጠራ የምትጠብቅበት ጊዜ የአገር ሕግ በሚወስነው መጠን እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠር ይጠይቃል። ሳምንታዊ ዕረፍቷም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እንዲሆን። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስማ ለምሳ መመለስ 24 ሰዓት አይሞላም።

የኢትዮጵያ ሕግ እዚህ ላይ ዝም ይላል ለማለት ይቻላል። አዋጅ 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን፣ ማለትም እንደ ሞግዚት ያለውን የቤት ውስጥ ቅጥር፣ ከወሰኑ ያስወጣና የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል ብሎ ይተዋል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ ብሎ ነበር፤ በሁለቱ አዋጆች መካከል በነበሩት 15 ዓመታት ደንቡ አልወጣም። የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ያስቀመጣቸው ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ ከቀጣሪው ጋር ለምትኖር ሠራተኛ መኝታዋ፣ ምግቧ፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜዋ ጤናዋንና ክብሯን የሚጠብቅ እንዲሆን ያዛሉ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገሩም። ለቀጣሪዋ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ የሰጠው አዋጅ ፈቃዱ ሲያልቅ ቦታዋን የምትሸፍነውን ሴት አያውቃትም፤ ሞግዚቷ ራሷ ብታረግዝ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣ ማስያዝ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ከተማዋ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ የቤት ሠራተኛ ቀጣሪ የጽሑፍ ውል እንዲያቀርብ፣ አዳሪ ከሆነችም በሯ የሚቆለፍ የግል መኝታ ክፍል እንዲሰጣት ተደንግጓል። የሚቆለፍ በር የሚለውን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ወይም ከልጆች ጋር የምትተኛ ወጣት ሴት ከማን እንደምትጠበቅ ለሚያውቅ ሰው ይህች አንዲት ሐረግ ብዙ ትናገራለች።

በአንድ ወረቀት ላይ

ደንቡ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚጽፉት አንድ ገጽ ብዙ ያስተካክላል። የደላላው ዋስትና ወረቀት ይህን አይተካም፤ እሱ የተያዥ ስምና ስልክ እንጂ የሥራ ዝርዝር የለውም።

መጀመሪያ የሚጻፈው ደመወዙ ሳይሆን ሥራው ነው። ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት የሚሠራና የማይሠራ ሥራ ይለይ፤ እንጀራ መጋገርና ልብስ ማጠብ እናት ወይም አባት ቤት ባሉበት ቀን፣ ወይም ለተመላላሽ። ከዚያ ሰዓቱ፦ መቼ ይጀመራል፣ ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ ልጁን ወላጅ ይረከባል። ሌሊት የሚነሳው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ እሷ ከሆነች በማግሥቱ የምትተኛበት ሰዓት አብሮ ይጻፍ። እንቅልፍ ያጣች ሴት ሕፃን ታጥባለች፣ ጡጦ ታፈላለች፣ ምድጃ ትለኩሳለች፤ አደጋው ለልጁም ነው።

ሥልጣኗም ይጻፍ። ትኩሳቱ ስንት ሲደርስ ሳትጠይቅ ትወስደዋለች? ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነና ልጁ ከሦስት ወር በታች ከሆነ መጠበቅ የለም። ለዚህ ሲባል ሁልጊዜ የማይነካ የታክሲና የካርድ ገንዘብ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ፣ ቴርሞሜትርና የሊትር ዕቃ ይኑር፣ የቅርቡ ጤና ጣቢያ ይታይላት። የተበላሸ የመሰላትን ወተት መድፋት እንደምትችል፣ እንጥል ይቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ይነቀል ብሎ ማንም ዘመድ ቢጠይቅ «እናቱን ጠይቂ» ብላ መመለስ እንደምትችል ይነገራት። ይህ ሲደረግ አደራው አይቀንስም። የተሰጣትን እምነት የምትፈጽምበት አቅም ታገኛለች።

ደመወዝ የሚጨመርበት ቀን በቁርጥ ይታወቅ፤ በዓመት ወይም በስድስት ወር። ቀኑ ከታወቀ ጭማሪ መጠየቅ አያሳፍርም፣ «ለልጁ ብላ መስሎን» የሚለውም አይነሳም። አባትየውም ይፈርም። በብዙ ቤት ከሞግዚቷ ጋር ያለው ነገር ሁሉ የእናት ጣጣ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ውጥረቱ በሁለት ሴቶች መካከል ይቀራል። ልጁ ሞግዚቷን «እማ» ብሎ በጠራበት ቀን የሚፈጠረው ቅናትም ከዚሁ ይነሳል። ልጁ የማንንም ቦታ አልቀማም፤ ከምታጎርሰው ሴት ጋር ተላምዷል፣ ጤነኛ ልጅ የሚያደርገውም ይህን ነው።

መጨረሻ ላይ የሚጻፈው መለያየቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚረሳው እሱ ነው። ልጅ ከሰባትና ስምንት ወሩ ጀምሮ የለመደው ሰው ሲለየው ያውቃል፣ ይጨነቃል፤ ጭንቀቱ ከአንድ ዓመት ወዲህና ወዲያ ይበረታል። በተለመደው አሠራር ሞግዚት የምትወጣው ተጣልታ፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ሳምንታት ምግብ እምቢ ሲል፣ ሌሊት ሲነቃ «ዓይነ ጥላ ነው» ይባላል። ሁለቱም ወገን የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ይስጥ፤ ከሁለቱ ሳምንታት ቢያንስ አራት አምስት ቀን አዲሷና የቆየችው አብረው ይዋሉ፤ የቆየችው እንዴት እንደሚበላ፣ በምን እንደሚባባ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ታሳይ። ለእነዚህ ቀናት ለሁለቱም ይከፈላቸው። የመጨረሻው ቀን ላይ ልጁ ነቅቶ እያለ፣ ታቅፋው፣ እንደምትሄድ በአፏ ትንገረው።